ሳይገዙ መቀመጥ

አውሮፓን በርካሽ ለመዞር የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ መጀመሪያ ሀብታም መሆኑን ማስመስከር አለበት። የባንክ ሒሳብ መግለጫ፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ የደርሶ መልስ ቲኬት፣ የማረፊያ ማስያዣ፣ ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ፤ በዚያ ላይ 90 ዩሮ የሸንገን ማመልከቻ ክፍያ፣ ቪዛው ቢከለከልም የማይመለስ። እኔም ገንዘብ እንደማያጥረኝ የሚመሰክር አንድ ክምር ወረቀት አስገብቼ፣ ቪዛዬን ተቀብዬ፣ ሮም ገብቼ፣ ስምንት ሰው በሚያድርበት የሆስቴል ክፍል ውስጥ የላይኛው አልጋ ላይ ወጣሁ።

ሆስቴልን የሚንቁ አሉ። ሐሳቡ ግን የአስተማሪ ነው። ሪቻርድ ሺርማን የተባለ ጀርመናዊ መምህር እ.ኤ.አ. በ1909 ተማሪዎቹን ይዞ በእግር ሲጓዝ ከባድ ዝናብ ያዘውና አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ተጠልለው አደሩ፤ በ1912 አልቴና በሚባል ከተማ ያለ አሮጌ ግንብ ውስጥ የመጀመሪያው ቋሚ የወጣቶች ማረፊያ ተከፈተ። የዛሬው ሕግ ቀላል ነው፦ አልጋ ይሰጡሃል፣ የዕቃ ሣጥንህን ጓጉንቸር ግን ከቤትህ ይዘህ ትመጣለህ።

አብሮኝ የተጓዘው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጓደኛዬ ነው፤ አሁን ጀርመን ይኖራል። እኔ ሮም የገባሁት በአውሮፕላን ነው። እሱ ከዓመታት በፊት ጣሊያን የገባው በሊቢያ በኩል፣ በባሕር ነው። ስለዚያ መንገድ ጠይቄው አላውቅም፤ እሱም አንሥቶብኝ አያውቅም። "አራት ከተማ በርካሽ እንዙር፣ ከሮም ተነሥተን በርሊን እንጨርስ" ያለኝ እሱ ነው። ከሮም መነሣታችን የቲኬት ዋጋ ጉዳይ መስሎኝ ነበር።

ወሩ ነሐሴ ነው፣ ፍልሰታ። እሱ ጾመኛ ነው፤ እኔ እንደ ሁኔታው ነኝ። ከአንድ ከረጢት እየከፈሉ አንዱ ጾም አንዱ ፍስክ መብላት ስለማይመች ጾሙ አሸነፈ። ለኪሳችንም በጀን። ሮም ውስጥ ብዙ ጊዜ የምናሌው ርካሽ ፒዛ ማሪናራ ነው፦ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት፣ ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። አይብ የለውም፣ ሥጋ የለውም፤ የንስሐ አባት ያዘዘው ይመስላል።

ስለ ከረጢቱም ልንገራችሁ። መጀመሪያው ቀን ላይ እንደ አገራችን ልማድ ሒሳብ በመጣ ቁጥር እጅ ለእጅ ተያያዝን። "በእናትህ ተው!" "በሞቴ፣ የዛሬውን እኔ!" አስተናጋጁ ጠብ መስሎት ራቅ ብሎ ቆመ። አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ጨዋታ ያምራል፤ ነገ አንዱ ይመልሳልና። በርካሽ ጉዞ ላይ ግን መዘዝ አለው፦ የተከፈለለት ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ለመብለጥ ሲል ውድ ነገር ያዛል። ስለዚህ ሁለታችንም እኩል አዋጥተን፣ በአንድ ከረጢት ጨምረን፣ እሱን ገንዘብ ያዥ አደረግነው። ከዚያ በኋላ ጄላቶ ባማረኝ ቁጥር "ገንዘብ ያዡ ምን ይላል?" እላለሁ፤ እሱም ከረጢቱን በጣቱ መታ መታ አድርጎ "ገንዘብ ያዡ ወተት አለበት ይላል" ይለኛል።

እናቱ በእኔ እጅ በሶ ልከውለት ነበር። ሲያስረክቡኝ "ራሱ ከበጠበጠው ያቀጥነዋል፤ አንተ በጥብጥለት" ብለውኛል። ትእዛዙን የፈጸምኩት ሮም መሐል ነው። ከተማዋ በየመንገዱ ዳር የብረት ቦኖ አላት፤ ወደ 2,500 ይጠጋሉ። ሮማውያን "ናሶኒ" ይሏቸዋል፤ እ.ኤ.አ. ከ1874 ጀምሮ የተተከሉ ናቸው፣ ውሃውም ቀን ከሌት ይፈስሳል። ወረፋ የለም፣ ጀሪካን የለም፣ ሳንቲም የለም። የቧንቧው አፍንጫ ላይ ከላይ በኩል ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ አፉን በጣት ሲደፍኑት ውሃው በቀዳዳዋ ወደ ላይ ይፈናጠርና ሳያጎነብሱ ይጠጣሉ። የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ በሶውን ጨምሬ፣ ያንን ቀዝቃዛ ውሃ ሞልቼ፣ ወፈር አድርጌ በጠበጥኩለት። ግማሹን ጠጥቶ "የእማዬ ነው" አለ። ሌላ ነገር አልጨመረም።

ሮም ውሃ በነፃ ታጠጣለች እንጂ መቀመጫ አትሰጥም። እስፓኒሽ ደረጃ የሚባለው ዝነኛ መወጣጫ ላይ መቀመጥ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ክልክል ነው፤ ቅጣቱ እስከ 400 ዩሮ ይደርሳል። ለዘመናት ሰው አረፍ ሲልበት የኖረ ደረጃ ላይ አሁን ፊሽካ ይነፋል። ቡናም እንደዚያው ነው። ባንኮኒው ጋ ቆመህ ስትጠጣ አንዲት ዩሮ ከምናምን ትከፍላለህ፤ ወንበር ስበህ ከተቀመጥክ፣ በተለይ አደባባይ ላይ፣ ዋጋው እጥፍና ከዚያ በላይ ይሆናል። ለእኔ ቆሞ መጠጣቱ አልከበደኝም፤ አዲስ አበባ ፒያሳ፣ ቶሞካ ቡና ቤት ያደገ ሰው ማኪያቶ በቁሙ መጨረስ ይችልበታል። ጓደኛዬን ግን ነገሩ ውስጡን ነክቶታል። ምክንያቱን ያወቅኩት ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ነው።

አደባባዩ "ፒያሳ ዴይ ቺንኴቼንቶ" ይባላል። አምስት መቶዎቹ ማለት ራስ አሉላ እ.ኤ.አ. በ1887 ዶጋሊ ላይ የደመሰሷቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። በየቀኑ ከተርሚኒ የሚወጣው ሕዝብ የእኛን ድል የእነሱን ሐዘን እየረገጠ ያልፋል፤ የሚያውቀው ግን ስንቱ ነው? ይህንን እየተረኩለት ሳለ ጓደኛዬ ቀልቡ ሌላ ቦታ ነበር። አንድ ዝቅ ያለ የድንጋይ ጠርዝ አሳየኝ።

"እዚህ ጋ ነበር የምቀመጠው። ቀን ቀን። ማታ ሲሆን ያስነሡናል።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ መሄድ ነው። ምንም ካልገዛህ መሄድ ነው።" ትንሽ ቆይቶ፣ የጀርባ ቦርሳውን አውርዶ ያችው ጠርዝ ላይ እያስቀመጠ፣ "አንድ ከተማ ምን እንደሆነ ማወቅ ከፈለግክ ሳትገዛ የት እንደሚያስቀምጡህ እይ" አለኝ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጉዟችን መልኩን ቀየረ። ሙዚየምና ካቴድራል መቁጠሩን ትተን አግዳሚ ወንበር ፈላጊ ሆንን።

ሮምን ከመልቀቃችን በፊት አንድ የምሽት እግር ጉዞ አደረግን፤ እሱንም ያለ ክፍያ። የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅት ሕንፃ ፊት ለፊት ቆምን። ሕንፃው ሲጀመር የታሰበው ለጣሊያን የአፍሪካ ሚኒስቴር ነበር። የአክሱም ሐውልት እ.ኤ.አ. በ1937 ተወስዶ በዚህ ቦታ ተተከለ፤ ጣሊያን በ1947ቱ የሰላም ውል ልትመልስ ብትስማማም ሐውልቱ አገሩ የገባው በ2005 ነው። አሁን መኪና ይሽከረከርበታል። ከዚያ በቪያ ዲ ሳን ግሪጎሪዮ ቀጥ ብለን ወደ ቆስጠንጢኖስ ቅስት ሄድን። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ምሽት፣ ማራቶኑን በባዶ እግሩ የጨረሰው እዚያ ነው፤ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። ሐውልቱ ጋ ሲደርስ ነው ተፎካካሪውን ጥሎ የሄደው እየተባለ ይተረካል። እኛ በጫማም ደክሞን ነበር። ቅስቱ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥን፣ ማንም አላስነሣንም።

ከሮም ወደ ቪየና የሌሊት ባቡር አለ፤ ናይትጄት ይባላል። አልጋ ያለው ክፍል ለገንዘብ ያዡ አልጣመውም፣ ስለዚህ ወንበር ቆረጥን። ስድስት ሰው ፊት ለፊት ተፋጥጦ የሚቀመጥበት ጠባብ ክፍል ነው፤ ጉልበትህን የት እንደምታደርገው ከማታውቀው ሰው ጋር መደራደር አለብህ። ከእኛ ጋር የነበሩት ጣሊያናዊት እናት ገና ባቡሩ ሳይነቃነቅ ሥጋ ያለበት ዳቦ ቆርሰው ዘረጉልን። ጓደኛዬ ከዚያ ዘመን በተረፈችው ጣሊያንኛው የእመቤታችን ጾም እንደሆነ አስረዳቸው። ሴትየዋ አማተቡና ዳቦውን ጠቅልለው ኮክ አወጡ። ኮኩን እየገመጥን ቦሎኛን አለፍን። እሱ ተቀምጦ መተኛት ይችላል። እኔ አልችልም፤ ሌሊቱን ሙሉ የጣቢያ መብራት ስቆጥር አደርኩ።

ቪየና ላይ ረዘም ያለ ጊዜ ብሰጥ አይፈረድብኝም። ውሃው ከቧንቧ የሚወርደው ከአልፕስ ተራራ ምንጭ ነው፤ የመጀመሪያው መስመር እ.ኤ.አ. በ1873 ተመረቀ፣ ያለ ፓምፕ በቁልቁለቱ ብቻ ይወርዳል። ቡና ቤቶቹ የሮም ተቃራኒ ናቸው። ሜላንዥ የሚሉት ባለ ወተት ቡና ከአምስት ዩሮ በላይ ነው፣ ለሁለታችን አንድ ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ተፈቀደልን፣ እሱም ያለ ወተት፣ ጥቁር። አስተናጋጁ በትንሽ የብረት ትሪ ላይ ስኒውን፣ ከጎኑ አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ በብርጭቆው አፍ ላይ ደግሞ ማንኪያ በደረቱ ደፍቶ አመጣ። ከዚያ ጠፋ። ስኒው ከደረቀ በኋላ ጋዜጣ በእንጨት መያዣ ተሰክቶ ከተሰቀለበት አውርደን፣ ሥዕሉን ብቻ እያየን፣ እኩለ ቀን እስኪያልፍ ተቀመጥን። "ሌላስ ምን ልታዘዝ?" ያለን የለም። እንዲያውም ውሃው ሲያልቅ ቀየሩልን። ሮም ቡናውን ትሸጣለች፣ ቪየና ወንበሩን ትሸጣለች ብዬ ነበር፤ ጓደኛዬ "ወንበሩን ካልቆጠሩብህ አልሸጡትም" ብሎ ረታኝ።

ያለ አምስቱ ዩሮም መቀመጫ ሞልቷል። የማዘጋጃ ቤቱ አደባባይ ላይ በሐምሌና በነሐሴ በየምሽቱ ትልቅ ስክሪን ተሰቅሎ ኦፔራና ኮንሰርት በነፃ ይታያል፤ ይህ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆየ ልማድ ነው። ዙሪያውን ምግብ ይሸጣል፣ አለመግዛት ግን አያስነሣም። ጀርመንኛው የገባውም ያልገባውም፣ ከረባት ያደረገውም ሸበጥ የተጫማውም እኩል ተደርድሯል። እኔ ኦፔራ ስመለከት የመጀመሪያዬ ነበር። እውነቱን ለመናገር ረዝሞብኛል። ጓደኛዬ ግን እስከ መጨረሻው አልነቃነቅ አለ፤ ሲያልቅ ተነሥቶ ከሰው ጋር አጨበጨበ።

የዳኑብ ደሴት 21 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ወንዙ ከተማዋን እንዳያጥለቀልቅ ማፍሰሻ ቦይ ሲቆፈር በወጣው አፈር የተሠራ ነው፣ አሁን ሕዝብ ዋኝቶ፣ ተኝቶ፣ ብስክሌት ጋልቦበት ይገባል። ካርል ማርክስ ሆፍንም ሄደን አየነው። እ.ኤ.አ. በ1930 የተመረቀ፣ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም የሠራተኛ መኖሪያ ነው፤ የልብስ ማጠቢያና መዋዕለ ሕፃናት አብረው ታቅደውለታል። ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ አረፍ ብለን ዳቦና ቲማቲም በላን። ከመስኮት ያዩን አሮጊት "ግሩስ ጎት" ብለው ሰላምታ ሰጡን፣ አለቀ። ደሃ የሚቀመጥበት ቦታ አስቀድሞ በፕላን የተሣለበት ከተማ እንዲህ ነው የሚሆነው።

ስለ ፕራግ ብዙም አላወራም። ውብ ናት፣ ሁሉም ይህንኑ ይናገራል። የቻርለስ ድልድይ እ.ኤ.አ. በ1357 የተጀመረ ነው፤ ሊያዩት የሚገባው ገና ሳይነጋ ነው፤ ረፋድ ላይ ድልድዩ የለም፣ ያለው ሰው ነው። መጸዳጃ ቤቱ በገንዘብ፣ ገንዘቡ ደግሞ ዩሮ ያልሆነ። ከተማዋን የማስታውሳት በዋናው ባቡር ጣቢያ አንደኛው መድረክ ላይ ባለ አንድ ሐውልት ነው። ኒኮላስ ዊንተን የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1939፣ ጦርነቱ ሊፈነዳ ሲል፣ አብዛኞቹ የአይሁድ ልጆች የሆኑ 669 ሕፃናትን ከዚህ ከተማ በባቡር ወደ እንግሊዝ አሻግሯል። እ.ኤ.አ. በመስከረም መባቻ ሊነሣ የነበረው የመጨረሻው ባቡር ጦርነቱ ስለጀመረ ሳይሄድ ቀረ። ሐውልቱ ዊንተንን ሕፃን ታቅፎ፣ ከጎኑ አንዲት ልጅ ቆማ ያሳያል፤ እግራቸው ሥር ሻንጣ አለ። ጓደኛዬ ከሰውየው ይልቅ ሻንጣውን ሲያይ ቆየ።

"ሻንጣ ነበራቸው" አለ።

አውቶብሳችን ከፕራግ ወደ በርሊን ሲሄድ ድንበሩ ላይ ቆመ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 14 ቀን 1985 ሸንገን በምትባል የሉክሰምበርግ መንደር አጠገብ፣ ሞዘል ወንዝ ላይ በቆመ መርከብ ውስጥ አምስት አገሮች ፍተሻ ሊያስቀሩ ፈርመው ነበር፤ ይሁንና ጀርመን ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በዚህ ድንበር ላይ መልሳ መፈተሽ ጀምራለች። ሁለት ፖሊሶች ገብተው ከፊት ወደ ኋላ ሰነድ እየተቀበሉ መጡ። የእኔን ፓስፖርት ገጽ በገጽ ገለጡት፤ ስንት ቀን እንደቀረኝ ቆጠሩ፣ የመመለሻ ቲኬቴን ጠየቁ። የጓደኛዬ ሰነድ ሰማያዊ ነው፣ ሽፋኑ ላይ በግራ ጥግ ሁለት ሰያፍ መስመሮች አሉት፤ በ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት መሠረት የሚሰጥ የጉዞ ሰነድ ነው። በጀርመንኛ ሁለት ቃል ተለዋወጡ፣ ሳቁ፣ መለሱለት። አውቶብሱ ሲነሣ ሰነዱን ተቀብዬ አገላበጥኩት። ከኢትዮጵያ በስተቀር ለሁሉም አገሮች ይሠራል የሚል መስመር አለው። እናቱን ማየት የሚችለው ሌላ አገር ከመጡለት ብቻ ነው። እኔ ገብቼ የምወጣባትን አገር እሱ ቤቱ ብሎ ይገባባታል፤ እኔ ቤቴ የምላት ደግሞ ለእሱ በጽሑፍ ተዘግታለች። ይህን ጮክ ብዬ አላልኩትም፣ እሱም መስኮቱ ላይ ተደግፎ እንቅልፉን ጀምሯል።

በርሊን ላይ የሚያውቀው ቦታ ወሰደኝ፦ ቴምፕልሆፍ። የድሮ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ሶቪየቶች እ.ኤ.አ. በ1948 ምዕራብ በርሊንን ከብበው መንገዱን ሲዘጉ ዱቄትና ከሰል በአውሮፕላን የወረደው እዚህ ነበር። በ2008 ተዘጋ፣ በ2010 ለሕዝብ ተከፈተ፣ በ2014 መንግሥት ዳር ዳሩን ቤት ልሥራበት ሲል ነዋሪው በሕዝበ ውሳኔ ከለከለ። ከ300 ሄክታር በላይ ባዶ ሜዳ፣ መሐል ከተማ! ማኮብኮቢያው ላይ ሕፃናት ብስክሌት ይለማመዳሉ፣ ጎረምሶች ካይት ያበርራሉ፣ ቤተሰብ ምንጣፍ አንጥፎ ይበላል። የቤት ኪራይ ያስጨነቀው ወጣት ውሳኔውን እንደሚረግም ሰምቻለሁ፤ እሱም እውነት አለው። እኔ ግን አዲስ አበባ ውስጥ ሳይገዙ የሚቀመጡበት ቦታ እየጠበበ ሲሄድ ያየሁ ሰው ስለሆንኩ ለሜዳው አደላለሁ።

ፀሐይ ስትዘቀዝቅ ጠርሙሶቻችንን ወደ ቆሻሻ መጣያው ልወረውር ስል ጓደኛዬ እጄን ያዘ። ጀርመን ውስጥ የፕላስቲክ ጠርሙስ 25 ሳንቲም መያዣ አለው፤ ሱፐርማርኬት ያለው ማሽን ሲጎርሰው ይመልሳል። ጠርሙስ ለቅመው የሚኖሩ ሰዎች አሉ፣ ብዙዎቹ ጡረተኞች። ስለዚህ ወግ የሚያውቅ ሰው ጠርሙሱን ውስጥ አይጥልም፤ ከመጣያው ሥር ያቆመዋል፣ ለቃሚው እጁን ቆሻሻ ውስጥ እንዳይከት። አቆምናቸው። መቶ እርምጃ ሳንርቅ አንድ ሽማግሌ ጎማ ያለው ቦርሳ እየጎተቱ መጥተው አነሡ፤ ቀና ብለው አላዩንም፣ እኛም አላየናቸውም አልን።

ነሐሴ 16 ሐበሾች በሚሰበሰቡበት ቤተ ክርስቲያን አስቀድሰን ወጣንና ኪዳነ ምሕረትን ኖይኮልን በሚባለው ሰፈር በዶነር ፈሰክን። ለአንድ ሰው ወደ 7 ዩሮ ነው። ከረጢቱ ለሁለት ዶነርና ለአንድ አይራን በቃ፤ አይራኑን ተካፈልን።

ከአራቱ ቪየናን አንደኛ አደርጋለሁ፣ በርሊንን ሁለተኛ። ጓደኛዬ ሮም ይላል። "አስነሥተውኛል፣ ግን ውሃ አልከለከሉኝም" ነው ምክንያቱ፤ ልከራከረው አልችልም። እናንተ በነሐሴ የምትሄዱ ከሆነ የሌሊቱን ባቡር ቀደም ብላችሁ ቁረጡ፣ በሶ ያዙ፣ ጓጉንቸርም አትርሱ። ከምትወዱት ሰው ጋር ከሆነ ደግሞ ከረጢቱን ለእሱ ስጡት።